መጽሐፉን ልደብቅበት?

ይህ ደብዳቤ የደረሰኝ ከአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ከኮዬ ፈጬ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ነው። ጸሐፊዋን ሊያሳውቁ የሚችሉ ነገሮችን አስቀርቼ፣ ረዘም ያለውን አሳጥሬ አቅርቤዋለሁ።

«ታናሽ ወንድሜ 26 ዓመቱ ነው። እናታችንን ይዘን ከመሀል ከተማ ወደዚህ ከመጣን ወዲህ ጓደኞቹ ተበታተኑበት። ይሠራበት የነበረው ማተሚያ ቤትም ሠራተኛ ሲቀንስ እሱን አሰናበተው። በዚያው ሰሞን ከእኛ በላይ ካለው ፎቅ የምትኖር ልጅ ተዋወቀ። አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ ደረጃው ላይ ሲደናበር አግኝታው፣ የያዘችውን ሻማ ለሁለት ቆርሳ ግማሹን ሰጠችው። የሆነው ይኸው ብቻ ነው። ልጅቱ ሽማግሌ ተልኮላት ቀለበት ያሰረች ናት፤ ይህንንም ገና በተዋወቁ ሰሞን ራሷ ነግራዋለች። ሠርጓ ጥር ውስጥ ነው። እሱ ግን ያችን ግማሽ ሻማ በመሐረብ ጠቅልሎ ትራሱ ሥር ያኖራል። ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄድ እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ ከኋላ ከኋላዋ ይሄዳል። አሁን አሁን ከወንድሟ ጋር መውረድ ጀምራለች። በቅርቡ ደግሞ መንገድ ዳር ከሚሸጡ አሮጌ መጻሕፍት መካከል የጀርመናዊውን የጎተን ‹የወጣቱ ቬርተር ሐዘን› በእንግሊዝኛ ገዝቶ መጣ። ሌት ተቀን እሱን ነው የሚያነበው። ኅዳጉ ላይ በቀይ ብዕር ‹ይህ እኔ ነኝ› ብሎ ጽፎበታል። ሳያየኝ አነበብኩትና መጨረሻው ላይ ስደርስ እጄ ተንቀጠቀጠ። ባናግረው ‹ፍቅር እስከ መቃብርን ስታነቡ ታለቅሳላችሁ፤ በዛብህ ቤታችሁ ሲገኝ ግን ታፍሩበታላችሁ› አለኝ። ባለፈው ሳምንት ከልጅነቱ ጀምሮ የሚጫወተውን ክራሩን ለጎረቤት ልጅ ሰጠው። ለምን ስለው ‹ከጥር በኋላ ምን ያደርግልኛል?› ነው ያለኝ። እናቴ ዓይነ ጥላ ነው፣ ጠበል እንውሰደው ትላለች። እሱ እሺ አይልም። ይህ ፍቅር ነው ወይስ በሽታ? መጽሐፉን ልደብቅበት? ወይስ እናቴ እንዳለችው ላድርግ?»

ውድ እህቴ፣

ከጥያቄዎችሽ ሁሉ በፊት ያልጠየቅሽኝ አንድ ነገር ይቀድማል። ደብዳቤሽን ሳነብ ያስደነገጠኝ ሻማው አይደለም፤ መጽሐፉም አይደለም። ክራሩን መስጠቱና «ከጥር በኋላ» ማለቱ ነው። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ያደረበት ሰው ብዙ ጊዜ እንዲህ ባለ ነገር ይታወቃል። የሚወደውን ዕቃ ያድላል፣ ዕዳውን ይዘጋል፣ ከአንድ ቀን ወዲያ ያለውን ጊዜ የሌላ ሰው ጊዜ አድርጎ ያወራል። እንዲህ የሚያደርግ ሁሉ ለመሞት ቆርጧል ማለት አይደለም። ቆርጦ እንደሆነ ግን በግምት አይታወቅም፤ መጠየቅ አለበት።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ጠይቂው። ነገ አትበይ። እናታችሁ በማይሰሙበት ሰዓት አጠገቡ ተቀመጪና «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ? አሁንስ ታስባለህ?» በይው። በዚሁ ቃል፣ ሳታድበሰብሺ። «ደህና ነህ?» ካልሽው ደህና ነኝ ይልሻል። «እንዲህ ያለ ነገር እንዳታስብ!» ብለሽ ከጀመርሽም አፉን ዘጋሽበት ማለት ነው። ይህን ቃል ማንሳት ሐሳቡን በሰው ልብ ውስጥ መዝራት የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ስለ ጉዳዩ ያጠኑ ሰዎችም ሆኑ የዓለም ጤና ድርጅት የሚሉት ግን እንደዚያ አይደለም። በግልጽ መጠየቅ አደጋውን አይጨምርም፤ ብቻውን ተሸክሞት ለከረመ ሰው እንዲያውም ትንፋሽ ይሰጠዋል።

«አዎ» ካለሽ አትጩኺበት። ገሃነም እንደሚገባ፣ እናቱን እንደሚገድል አትንገሪው። ያንን ሁሉ ሌሊት ሌሊት ለራሱ ሲነግረው ከርሟል። ስለነገርከኝ አመሰግንሃለሁ በይውና መቼና እንዴት እንዳሰበ ጠይቂው። ቀን ከቆረጠ፣ የሚሞትበትን መንገድም ከመረጠ ለብቻው አይደር። ጠዋት እስኪሆን ሳትጠብቂ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው፤ መኪና ካጣሽ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። መልሱ ምንም ይሁን ምን፣ ቤት ውስጥ ያሉትን መድኃኒቶችና መርዝነት ያላቸውን ነገሮች ነገ በጠዋት ሰብስበሽ ከቤት አውጪ። እንዲህ ያለው ሐሳብ እጅግ የሚበረታበት ሰዓት አለ፤ ያ ሰዓት ያልፋል። በዚያ ሰዓት የሚጎዳ ነገር አጠገባቸው ባለመኖሩ ብቻ ተርፈው ዛሬ ልጅ የሚያሳድጉ ሰዎች አሉ። እያጋነንኩ እንዳይመስልሽ። በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ720,000 በላይ ሰዎች ራሳቸውን ያጠፋሉ፤ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 29 ዓመት ለሆኑት ደግሞ ሦስተኛው የሞት ምክንያት ይኸው ነው። ወንድምሽ 26 ዓመቱ ነው።

አሁን ወደ መጽሐፉ ልምጣ። ትንሽ ብቆይበት ቅር አይበልሽ፤ ወንድምሽ ራሱን ያየው እዚያ ውስጥ ስለሆነ እኛም እዚያው ገብተን ልንፈልገው ይገባል።

ቬርተር ለማያውቀው አገር እንግዳ ነው። ሎተን ገና በዓይኑ ሳያያት፣ በሠረገላ ወደ ጭፈራ ሲሄዱ፣ አብረውት ያሉት ሴቶች በፍቅር እንዳትወድቅ፣ ለሌላ ሰው ታጭታለች ብለው ያስጠነቅቁታል። ደርሶ ሲያያት እናታቸው ለሞተችባቸው ስድስት ሕፃናት፣ ለታናናሾቿ፣ ዳቦ እየቆረሰች ታድላለች። እዚያች ቦታ ላይ ልቡ ቀረ። ልብ በይ፤ ለእሱ የተደረገ ነገር አልነበረም። ያየው አንዲት ደግ ልጅ እንደ ወትሮዋ ስትኖር ነው። የእናንተም ጎረቤት በዚያ ጨለማ ደረጃው ላይ ማንንም ብታገኝ ሻማዋን መቁረሷ አይቀርም ነበር። ከዚያ በኋላ ቬርተር የሚያደርገውን ወንድምሽ በቀይ ብዕር አስምሮበት ይሆናል። መጀመሪያ ባያት ቀን ደረቷ ላይ አስራው የነበረውን ሪባን በልደቱ ቀን ሲያገኝ እየደጋገመ ይስመዋል፤ መጨረሻም አብሮት እንዲቀበር ይናዘዛል።

ይህን መጽሐፍ የፍቅር መጽሐፍ ብቻ አድርገው የሚያነቡት ሰዎች የሚዘሉት ክፍል አለ። ቬርተር መሀል ላይ ከሎተ ርቆ ሄዶ ነበር፤ በአንድ አምባሳደር ሥር ሥራ ይዞ ነበር። እዚያ አለቃው በየጥቃቅኑ ያበሽቀዋል። አንድ ቀን የመሳፍንቱ ወገን በተሰበሰበበት ግብዣ ላይ የዘር ሐረጉ አይመጥንምና ውጣ ተባለ። ከተማው ሁሉ አወራበት። ሥራውን ለቀቀ፤ ወዲያ ወዲህ ተንከራተተና ወደ ሎተ ተመለሰ፤ እሷ ግን እጮኛዋን አልበርትን አግብታ ጠበቀችው። ስለዚህ ቬርተርን ሎተ ብቻዋን አልጣለችውም። ሥራው፣ ክብሩና አገሩ ሲጠፉበት በዓለም ላይ የቀረችው አንዲት ሴት ብቻ ሆነች፤ እሷም የእሱ አልነበረችም። አሁን ደብዳቤሽን መለስ ብለሽ አንብቢው። ሰፈሩ ፈረሰበት። አብሮ አደጎቹ አንዱ ቱሉ ዲምቱ፣ አንዱ የካ አባዶ፣ ሌላው የት እንደገባ አይታወቅም። በስሙ የሚጠራው የሻይ ቤት ባለቤት እንኳ የለም። የሚተዳደርበት ሥራ ሄደ። ልጅቱ የመጣችው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ አንቺ ግን ደብዳቤውን የጻፍሽልኝ ስለ ልጅቱ ነው። ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ ታሪኩን ከሻማው አትጀምሪ። ከመነሳታችሁ ጀምሪ።

ሌላው ነገር፣ በዙሪያው የነበሩት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም። ቬርተር ከዓለም ለመለየት እንደሚመኝ ከማንም አልደበቀም። አልበርት ግን ነገሩን ሁልጊዜ በክርክር ነው የመለሰው፤ ራስን ማጥፋት ድክመት ነው እያለ ይሞግተው ነበር። ከልቡ መሆኑንም ይጠራጠር ነበር፤ እንዲያውም ቀልዶበት ያውቃል፤ ጥርጣሬውንም ለሎተ ነግሯት ነበር። የሩቅ ወዳጁ ቪልሄልም ልምጣና ልውሰድህ ብሎ ጻፈለት። ቬርተር ደግ ብለሃል፣ ግን አሥራ አራት ቀን ታገሠኝ፣ ሌላ ደብዳቤ እስክልክልህ ጠብቅ አለው። ወዳጁም ጠበቀ። አሥራ አራቱ ቀን ሳይሞላ ቬርተር ራሱን አጠፋ። በመጨረሻዎቹ ቀናት ቬርተር ሒሳቡን እንዲዘጉለት አዘዘ፤ ያዋሳቸውን መጻሕፍት አስመለሰ፤ በየሳምንቱ ለሚመጸውታቸው ድሆች የሁለት ወር ድርሻቸውን አስቀድሞ አስከፈለ። ይህን ሁሉ ያዩ ሰዎች ነበሩ። አጠገቡ ቁጭ ብሎ ዛሬ ሌሊት ምን ልታደርግ ነው ያለው ግን አልነበረም። ወንድምሽ «ጥር ይለፍና እንነጋገራለን» ቢልሽ እሺ እንዳትይው የምለምንሽ ለዚህ ነው።

መጽሐፉን ልደብቅበት ወይ ላልሽው፣ አትደብቂው። የላይፕሲግ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1775 ይህንኑ መጽሐፍ እንዳይሸጥ፣ የቬርተርን ሰማያዊ ካፖርትና ቢጫ ሰደርያም ማንም እንዳይለብስ ከልክላ ነበር። መጽሐፉ ግን በመላው አውሮፓ ተነበበ። ፍርሃታቸው ከንቱ ነበር እያልኩ አይደለም። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ተመራማሪ ዴቪድ ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጣው ጥናት፣ አንድ ሰው ራሱን ማጥፋቱ በጋዜጣ ጎልቶ ሲወራ ተከታዮቹ እንደሚበዙ አሳይቶ፣ ክስተቱን በቬርተር ስም ጠርቶታል። አደጋው እውነት ነው። ወንድምሽ ዘንድ ግን መጽሐፉ የመጣው ሕመሙ ከሰነበተ በኋላ ነው። የሚገልጸኝ ብሎ ያገኘውን አንድ ነገር ብትወስጂበት አንቺንም ከማይረዱት ሰዎች ተርታ ያሰልፍሻል። ይልቅ «አነበብኩት፤ የቱ ላይ ነው ራስህን ያየኸው?» በይውና በቀይ ያሰመረበትን እያሳየ እንዲያነብልሽ አድርጊ። ስለ ራሱ መናገር የሚከብደው ሰው ስለ ቬርተር መናገር አይከብደውም።

ከዚያ አንቺም የምታሳዪው ገጽ ይኑርሽ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 30 ቀን የተጻፈውን የቬርተርን ደብዳቤ ፈልጊና አብራችሁ አንብቡት። ቬርተር በዚያ ብርድ ያረጀ አረንጓዴ ካፖርት የለበሰ ወጣት ድንጋይ ለድንጋይ ሲንከራተት ያገኛል። ምን ትፈልጋለህ ሲለው አበባ፣ ለፍቅረኛዬ ይለዋል። በክረምት አበባ የለም። እናቱ ከኋላ ልጇን ፍለጋ እየተጣራች ትመጣለች፤ ሄንሪሕ የሚባል ደህና ልጅ፣ ቤተሰቡን በጽሕፈት ሥራው የሚረዳ ልጅ እንደነበር፣ ድንገት ታሞ በሰንሰለት እስከ መታሰር እንደደረሰ ትነግረዋለች። በማግስቱ ቬርተር ሄንሪሕ የሎተ አባት ጸሐፊ እንደነበረ፣ ሎተን በልቡ ወድዶ ደብቆ እንደኖረ፣ ሲናገር ከሥራው እንደተባረረና እንዳበደ ይሰማል። ወንድምሽ ቬርተርን «እኔ ነኝ» ብሏል። ይህን ልጅና ያችን ሴት ግን አይቷቸው ይሆን? እናንተ ቤት ያለችው እናት እሷ ናት።

ሌላም ንገሪው። ጎተ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1772 ቬትስላር በምትባል ከተማ ሻርሎተ ቡፍ የተባለች፣ ለሌላ የታጨች ልጅ ወድዶ ነበር። ነገሩ እንደማያዛልቀው ሲያውቅ በመስከረም ከተማዋን ለቅቆ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ያው እዚያ የሚያውቀው ሌላ ወጣት በተመሳሳይ ሐዘን ራሱን ማጥፋቱን ሰማ። ሁለቱን ታሪኮች አጋምዶ መጽሐፉን ሲያወጣው ገና 25 ዓመት መሙላቱ ነበር፤ ከወንድምሽ ያንሳል። ከዚያ 82 ዓመት እስኪሆነው ኖረ። አንባቢዎቹ ቬርተርን መከተል እንደጀመሩ ሲያይም በ1775ቱ ሁለተኛ እትም ላይ፣ ከመቃብር ቬርተር ራሱ እንዲናገር አድርጎ፣ ወንድ ሁን፣ አትከተለኝ የሚል መልእክት ያለው ስንኝ ጨመረበት። ወንድምሽ በያዘው ቅጂ ላይ ላይኖር ይችላልና አንቺ ንገሪው።

ፍቅር ነው ወይስ በሽታ ላልሽው፣ በዛብህን ስላነሳ ከእሱ ልጀምር። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፍ ውስጥ ሰብለ ወንጌልም በዛብህን ወድዳዋለች። የለያያቸው የፊታውራሪ መሸሻ ትዕቢት፣ የዘር ቆጠራ፣ ወላጆቹ የተሳሉት ስለትና የዘመኑ ሥርዓት ነው። ሰብለ ቤቷን ጥላ ፍለጋ የወጣችው ለዚህ ነው። የምናለቅሰውም ሁለት የተዋደዱ ሰዎችን ሌሎች ሰዎች ስለጣሏቸው ነው። ወንድምሽና ጎረቤታችሁ ግን የተዋደዱ ሰዎች አይደሉም። አንድ የወደደ አለ፤ አንዲት ደግሞ መጀመሪያውኑ እውነቱን የነገረች ልጅ አለች። ያንን መጽሐፍ ለዚህ ታሪክ ምስክር አድርጎ መጥራት አይቻልም። ይህን ግን ሲናደድ አትንገሪው፤ ሲረጋጋ ንገሪው።

መውደዱ በሽታ አይደለም። ያላገኙትን ሰው መውደድ፣ መከፋት፣ ምግብ መዝጋት የሰው ነገር ነው፤ ብዙዎቻችን አልፈንበታል። የሚያሳስበው መውደዱ ሌላውን ሁሉ ሲበላበት ነው። እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ንጽሕና፣ ሥራ መፈለግ፣ ሰው መጠየቅ ቀርቶ ቀኑ በሙሉ በእሷ መውጫና መግቢያ ሰዓት ብቻ ሲለካ፣ ያኔ ሐኪም የሚያየው ጉዳይ ሆኗል። ዶረቲ ቴኖቭ የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ እንዲህ ያለውን አባዜ የሚያቆየው ተስፋና ጥርጣሬ መቀላቀላቸው እንደሆነ ጽፋለች። ቁርጥ ያለ «እምቢ» ከጊዜ ጋር ይሽራል፤ በየጠዋቱ ፌርማታ ላይ የምትታይ ጀርባ ግን ፍሙን ታራግበዋለች። ሎተም ይህንኑ ቬርተርን ፊት ለፊት ብላዋለች፤ እንዲህ የምትመኘኝ ልታገኘኝ ስለማትችል ብቻ እንዳይሆን እፈራለሁ ብላዋለች። ከዚህ በላይ ደግሞ ልጅቱ በሥውር ትወደኛለች፣ ምልክት ትሰጠኛለች፣ ሠርጉ ሽፋን ነው የሚል ነገር ካመጣ ለሐኪሙ ሳትዘነጊ ንገሪ፤ ይህ ከመከፋት የተለየ ሕመም ነውና ሕክምናውም ይለያል። ከደብዳቤሽ እንደምረዳው ግን የወንድምሽ ዋና ሕመም ድብርት ይመስለኛል። በደብዳቤ ሰው አይመረመርምና ይህን ሐኪም ይወስነው።

ስለ ልጅቱ ደግሞ አንቺ አንድ መስመር ብቻ ጽፈሽ አልፈሻል፤ እኔ አላልፈውም። ከወንድሟ ጋር መውረድ የጀመረችው ስለፈራች ነው። ለሰው በጎ ያደረገች ልጅ የገዛ ደረጃዋን እየፈራች ትወርዳለች። በመጽሐፈ ሳሙኤል አምኖን ስለ ትዕማር እስኪታመም ድረስ መክሳቱ ይነገራል። ወዳጁ ኢዮናዳብ አይቶ የንጉሥ ልጅ ሆይ ስለ ምን እንዲህ ከሳህ ብሎ ጠየቀው። መጠየቁ ደግ ነበር፤ ከዚያ የመከረው ምክር ግን የትዕማርን ሕይወት አጠፋ። በደል ከተፈጸመባት በኋላም አምኖን ከወደዳት መውደድ ይልቅ የጠላት ጥላቻ በለጠ። ይህን የምለው ወንድምሽ አምኖን ነው ለማለት አይደለም። ታመመ ብለን ስናዝን የምትታመምበትን ልጅ እንዳንረሳ ነው። ቬርተር ከሞተ በኋላ ለሎተም ሕይወት ተፈርቶ ነበር፤ መጽሐፉ ይህን በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ይለዋል፤ ብዙ አንባቢም አያስታውሰውም። ስለዚህ ከኋላዋ መሄዱ ከነገ ጀምሮ ይቁም። በዚያ ሰዓት አንቺ ወይም ዘመድ ከቤት ያዙት፤ ሌላ የሚወጣበት ምክንያት ፈልጉለት። ልጅቱን ወይም እናቷን ደግሞ አንቺ ብቻሽን ሄደሽ አነጋግሪያቸው። «አይተናል፤ ይቅርታ፤ ሕክምና እያስጀመርነው ነው» በያቸው። አንድ ጊዜ አናግሪው፣ አጽናኚው ብለሽ ግን እንዳትለምኛት። እሷ ሐኪሙ አይደለችም። አዝና ብታነጋግረው ፍቅሩ እንደገና ተስፋ ያገኛል፤ ብትቆጣው ይሰበራል። በሁለቱም መንገድ የማይገባትን ሸክም ታሸክሚያታለሽ።

እናታችሁ ጠበል ማለታቸው አያናድድሽ። እሳቸው ልጃቸው መታመሙን ከሁላችሁ ቀድመው አምነዋል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። እሺ በያቸው፤ ግን ሁለት ነገር አስቀድሚ። ወንድምሽ ሳይወድ በጉልበት አይወሰድ፤ ታስሮ፣ ተይዞ የሚደረግ ነገር አይኑር። የሐኪም ቀጠሮና መድኃኒትም በጠበሉ ምክንያት አይቋረጥ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ስለ ኤችአይቪ መድኃኒት ሲናገሩ ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ናቸው፣ አንዱ ሌላውን አይቃረንም ብለው ነበር። ይህን ለእናታችሁ ንገሪያቸው። የነፍስ አባታችሁም አንድ ቃል ቢሉ ከእኔ አምድ ይልቅ ይሰማሉ፤ አስቀድመሽ ለብቻቸው አነጋግሪያቸው። ወንድምሽ እምነቱን ካልተወ ጸሎቱ ይጠቅመዋል፤ ብቻውን ግን አይተዉት።

ወደ ሕክምናው ስትሄጂ መንገዱ ይህን ይመስላል። አስቸኳይ ካልሆነ በአቅራቢያችሁ ካለው ጤና ጣቢያ ጀምሪ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካላችሁ ሪፈር የሚጻፍላችሁ ከዚያ ነው። አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ ኮተቤ ያለው የካ ኮተቤ ሆስፒታልም የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። «አማኑኤል አልሄድም፣ እብድ ነኝ ወይ?» ሊልሽ ይችላል። አትከራከሪው፤ «እንቅልፍህን ይይልህ፣ አብሬህ እገባለሁ» በይው። እንቅልፍ ማጣቱን ማንም ሰው አምኖ ይቀበላልና በዚያ በር ግቡ። የመጀመሪያው ቀን ሰልፍ ይኖራል፤ ቀኑን ሙሉ ያዢው፤ ውኃና ምግብ ያዙ። ሐኪሙ መድኃኒት ካዘዘለት ለውጡ የሚታየው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ ስለሆነ በሳምንቱ አልረዳኝም ብሎ እንዳይጥለው አንቺ ተቆጣጠሪ፤ ሲሻለውም ያለ ሐኪሙ ፈቃድ አያቋርጥ። የመድኃኒቱን እሽግ አንቺ ዘንድ አድርጊና የየቀኑን ስጪው። ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር መነጋገር የሚችልበት መንገድ እንዳለም ጠይቂ።

ስለ ጥር ከሐኪሙ ጋር በግልጽ ተነጋገሩ። ሠርጉ በሚሆንበት ቀን እዚያው ሕንጻ ውስጥ፣ ድንኳን ሲተከልና ዘፈን ሲዘፈን እየሰማ መዋል የለበትም። ከዚያ በፊትና በኋላ ያሉትን ሳምንታት የሚያርፍበት የዘመድ ቤት ከአሁኑ ፈልጉ፤ ለዘመዱም እውነቱን ንገሩት፤ ሌሊት ብቻውን በር ዘግቶ እንዳያድር። ከቀጠሮዎቹ አንዱ ከሠርጉ በፊት፣ ሌላው ከሠርጉ በኋላ በቀረበ ቀን እንዲሆንለት ሐኪሙን ለምኚ።

ከተበታተኑት አብሮ አደጎቹ ደግሞ አንዱን አንቺ ደውለሽ ጥሪው። ሁሉንም አይደለም፤ ድሮ ክራር ሲጫወት አብሮት የሚቀመጠውን። ሁሉን ነገር ንገሪው ማለቴም አይደለም። «ወንድሜ ታሟል፤ ቅዳሜ መጥተህ ጠይቀው» ብትይው ይበቃል። የታመመ ለመጠየቅ ኮዬ ፈጬ ሩቅ ነው የሚል ወዳጅ አይኖርም።

አንቺም ይህን ሁሉ ብቻሽን ተሸክመሽ ከርመሻል። ከእናታችሁ ሌላ ቤተሰብ ውስጥ የምታምኚው አጎት ወይም አክስት ካለ ዛሬ ከወንድምሽ ጋር ከመነጋገርሽ በፊት አስታውቂው፤ ሌሊቱ ከከበደ የምትደውይለት ሰው ይኑርሽ። መልሱን ከሰማሽና ሐኪሙን ካያችሁ በኋላ የነገራችሁን ጻፊልኝ።